ሰላም ስንት ዓምድ ይይዛል? የተርሚናል ኤዲተር ጥገና ማስታወሻ

ጥቅምት 5

የያዝኩት ሥራ ይኸ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝም ጽሑፍም በፊደል ብቻ የሚታይበት መስኮት) ላይ የሚሠራ ትንሽ የጽሑፍ ኤዲተር አለኝ። መሠረቱ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኪሎ ነው። ኪሎ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ከ1000 መስመር ባነሰ ኮድ የተጻፈ ነው። ኤዲተር ከውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከእሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እኔም ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ አንዱን ስጨምር አንዱን ስቀንስ የዕለት መሣሪያዬ ሆኗል። ኮድ ሲጻፍበት እንከን የለውም።

አሁን ግን አዲስ ተጠቃሚ መጣ። አጎቴ መሐል ሜዳ የአማርኛ መምህር ናቸው። የመንዝን ቃላት ይሰበስባሉ። የገብሱን ዓይነት፣ የእርሻ ዕቃውን፣ የሱፍ ፈተላውን፣ የበርኖሱንና የባናውን ስም ሁሉ እየጠየቁ ይጽፋሉ። ላፕቶፓቸው አሮጌ ነው፣ ራሙ 2 ጊጋ ብቻ። ትልልቆቹ የቢሮ ፕሮግራሞች እስኪከፈቱ ቡና ተፈልቶ አቦል ይጠጣል። ስለዚህ ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫንኩላቸውና ኤዲተሬን ሰጠኋቸው።

ዛሬ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የቱ ላይ ነው የሚያስቸግርዎት?»

«የቱ ላይ አያስቸግርም በለኝ እንጂ» አሉ። «መስመሩ ሲሶው ላይ ይቆረጣል። ጠቋሚው እኔን ጥሎ ሜዳ ላይ ይቆማል። አንድ ፊደል ላጥፋ ስል ፊደሉ አይጠፋም፣ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ኧረ ይኸ ነገር አማርኛ አያውቅም!»

ፎቶዎቹን እያሰፋሁ አየኋቸው። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። በታብ የለዩዋቸው ዓምዶችም ተንሻፈዋል። አማርኛ ስም ያለው ፋይል ሲከፈት ደግሞ ከታች ያለው ጥቁር መስመር ቀኝ ጠርዝ ሳይደርስ ያልቃል። ሁሉም አንድ ሥር ያላቸው ይመስለኛል። ነገ እከፍተዋለሁ።

ጥቅምት 6

ሥሩ ተገኘ። ኪሎ አንድ ባይትን (ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠች ከ0 እስከ 255 ያለች ቁጥር) አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደልን ደግሞ አንድ ዓምድ (የስክሪን አንድ ካሬ) አድርጎ ይቆጥራል። ለእንግሊዝኛ ሦስቱም እኩል ስለሆኑ ችግሩ አይታይም። ለእኛ ግን ሦስቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

«ሰላም»ን ውሰዱ። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው እንዲህ ነው፦ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157። ዘጠኝ ባይት፣ ሦስት ፊደል፣ ስክሪን ላይ ሦስት ዓምድ። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይረው ደንብ ዋናውን የግዕዝ ፊደል ክልል በሙሉ በሦስት ሦስት ባይት ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ይሄዳል። ይህን ከያዛችሁ የባይት ዝርዝር ዓይታችሁ ብቻ አማርኛ መሆኑን ታውቃላችሁ።

አሁን የጋሼ ቅሬታ ሁሉ በቁጥር ይፈታል። ስክሪኑ 80 ዓምድ ነው። ኤዲተሩ ከመስመሩ 80 ባይት ቆርጦ ይልካል። ክፍተት የሌለው ፊደል በፊደል ከሆነ 80 ባይት ማለት 26 ሙሉ ፊደልና 2 ትርፍ ባይት ነው። 26ቱ ይታያሉ። ሁለቱ ትርፍ ባይቶች የተሰበረ ፊደል ናቸውና ተርሚናሉ በነሱ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ካሬ ያወጣል። «ሲሶው ላይ ይቆረጣል» ያሉት በትክክል ነው፤ የመምህር ዓይን ነው።

ጠቋሚውም እንዲሁ። ከ«ሰላም» መጨረሻ ሲደርስ ኤዲተሩ «9 ዓምድ ሄድኩ» ይላል። ጽሑፉ ግን የያዘው 3 ነው። ስለዚህ ጠቋሚው ስድስት ዓምድ አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። ይባስ ብሎ መሐል ላይ ሆነው አንድ ነገር ቢተይቡ አዲሱ ፊደል የአንዱን ፊደል ሆድ ቀድዶ ይገባል። ያኔ ፋይሉ ራሱ ይበላሻል። ይኸኛው የማሳያ ስህተት ብቻ አይደለም፤ የጽሑፍ መጥፋት ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚጠገነው እሱ ነው።

ማታውን የሠራሁት፦ ጠቋሚው በባይት ይቀመጥ፣ ግን ሁልጊዜ ፊደል መነሻ ላይ ብቻ ይቁም። መነሻ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ተከታይ ባይቶች ሁሉ ከ128 እስከ 191 ናቸው። ቀኝ ቀስት ሲጫኑ ከነዚህ ውጭ ያለ ባይት እስኪገኝ መዝለል ነው። ግራም እንዲሁ ወደኋላ። ከዚያ ሁለት ፈንክሽን ጻፍኩ፤ አንዱ ከባይት ወደ ዓምድ ይቀይራል፣ አንዱ ከዓምድ ወደ ባይት። ስክሪን ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ በነዚህ በኩል ያልፋል። መቁረጡም በዓምድ ሆነ።

ጥቅምት 9

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የጥቅምት ውርጭ ደብረ ብርሃንን ያዛት።

ዛሬ የኪቦርዱ ተራ ነበር። አንድ ፊደል ሲተየብ ወደ ኤዲተሩ የሚመጣው ሦስት ባይት ነው። ኪሎ አንዷን ባይት ተቀብሎ ያስገባታል፣ ወዲያው ስክሪኑን ያድሳል። ከዚያ ሁለተኛዋን። ስለዚህ ለቅጽበት ተርሚናሉ ግማሽ ፊደል ይደርሰዋል፤ ጥቁር ካሬ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጋሼ «ዓይኔ ነው እንዴ?» ያሉት ይኸን ነው። ዓይናቸው ደኅና ነው።

ጥገናው፦ የመጀመሪያው ባይት ስንት ተከታይ እንዳለው ራሱ ይናገራል። ከ194 እስከ 223 ከሆነ አንድ፣ ከ224 እስከ 239 ሁለት፣ ከ240 እስከ 244 ሦስት። ቁጥሩ እስኪሞላ ጠብቆ አንድ ላይ ማስገባት፣ ከዚያ ብቻ ማደስ። ከሩቅ ሰርቨር ጋር ሲሠራ ባይቶቹ ተነጣጥለው ሊደርሱ ስለሚችሉ ያልተሟላውን ለይቶ የሚያቆይ ትንሽ ማስቀመጫ አደረግሁለት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ የአማርኛ ኪቦርዶች መጀመሪያ «ስ»ን ይልካሉ። ቀጥሎ አናባቢው ሲመታ የማጥፊያ ቁልፍ እንደተጫነ አድርገው «ስ»ን ያስጠፉና «ሰ»ን ይልካሉ። ኤዲተሩ በማጥፊያው አንድ ባይት ብቻ የሚያጠፋ ከሆነ 225 እና 136 ወለል ላይ ይቀራሉ። ከዚያ በላያቸው «ሰ» ይመጣል። አንድ ቃል ሲጻፍ ፋይሉ በቁርጥራጭ ባይት ይሞላል። የጋሼን ፋይል በባይት ስዘረዝረው ያየሁት ይኸንኑ ነው፤ በየቃሉ መሐል 225 136፣ 225 136 ተዘርግፏል። ማጥፊያው ፊደሉን ሙሉ እንዲወስድ ሲደረግ ኪቦርዱም ኤዲተሩም ሰላም ወረደላቸው። የተበላሸውን ፋይል በትንሽ ፕሮግራም አጸዳሁት። ሙሉ ፊደል ያልሠራ ባይት ሁሉ ይውጣ ማለት ነው። አንድም ቃል አልጠፋም።

ጥቅምት 12

ከሚካኤል ንግሥ መልስ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ አንድ ፊደል ስንት ዓምድ ይይዛል? ሲ ቋንቋ ለዚህ የተዘጋጀ ፈንክሽን አለው፣ ደብልዩ-ሲ-ዊድዝ ይባላል። የፊደሉን ቁጥር ትሰጡታላችሁ፤ 0፣ 1 ወይም 2 ይመልሳል። የማያውቀው ከሆነ ደግሞ 1 ተቀናሽ፣ ማለት ኔጋቲቭ አንድ።

ይቺ ኔጋቲቭ አንድ ተንኮለኛ ናት። ፕሮግራሙ ሲነሣ ሴትሎኬል የሚባለውን፣ የቋንቋና የፊደል ቅንብሩን (ሎኬሉን) የሚጭነውን ፈንክሽን ካልጠራ ሲስተሙ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። ለ«ሰ» የሚመልሰው ኔጋቲቭ አንድ ነው። መልሱን ሳያጣሩ ከድምሩ ላይ ከጨመሩት አማርኛ በተጻፈ ቁጥር ዓምዱ ይቀንሳል። ዛሬ ሆን ብዬ ሞከርኩት። እንግሊዝኛ ጽፌ ቀጥዬ አማርኛ ስተይብ ጽሑፉ ወደ ቀኝ ያድጋል፣ ጠቋሚው ወደ ግራ ይሸሻል። ይህን ያየ ሰው ኤዲተሩ አበደ ይላል። ነገሩ ግን ተራ መቀነስ ነው።

ሴትሎኬልን መጥራት የጋሼን ላፕቶፕ ይፈታል። ለሁሉም ግን አይበቃም። ሎኬሉ ያልተስተካከለ ሰርቨር ላይ ስገባ ያው ኔጋቲቭ አንድ ተመለሰ። ሌላም አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር ወደሚሰጠው መዝገብ፣ የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም። ዋናው ክልል እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 ገባ። በ2005 ሁለት ክልል ተጨመረ፣ በ2010 አንድ። በ2021 ደግሞ በስሪት 14 የጉራጊኛ ፊደላት የያዘው ክልል መጣ። ጂሊብሲ የሚባለው የሊኑክስ የሲ ፈንክሽኖች ስብስብ ይህን የመጨረሻውን ያወቀው በ2022 በስሪት 2.35 ነው። ከዚያ በፊት የተጫነ ማሽን ላይ አንድ የጉራጊኛ ጸሐፊ ይህን ኤዲተር ቢከፍት ጠቋሚው ይሸሽበታል ማለት ነው። ይኸ አይሆንም።

ስለዚህ የራሴን ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። ከዩኒኮድ የመረጃ ፋይሎች በቀጥታ የወጣ ነው። በፊደል ላይ የሚቀመጡ ምልክቶች 0፣ የቻይናና የጃፓን ፊደላት እንዲሁም አብዛኛው ኢሞጂ 2፣ የቀረው 1። የእኛን ፊደል ዩኒኮድ በስፋት በኩል «ገለልተኛ» ብሎ መድቦታል። በተግባር 1 ዓምድ ማለት ነው።

ጥቅምት 13

ጋሼ ደወሉ። ላፕቶፑ ያለ ዴስክቶፕ፣ በጥቁሩ ስክሪን ብቻ ተነሥቶባቸው ፊደል የሚባል የለም፣ ሁሉም ካሬ ነው። ይኸ የኤዲተሩ አይደለም። የሊኑክስ ጥቁር ኮንሶል በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው። ዋናው የግዕዝ ክልል ብቻውን 358 ፊደልና ምልክት አለው፣ የተለመዱት ፎንቶች ደግሞ አልያዙትም። ዴስክቶፑን መልሶ ማስነሣት ነው መፍትሔው። በስልክ እየነገርኳቸው አስነሡት።

ጥቅምት 17

ዛሬ መለኪያ ሠራሁ። ከዚህ ሥራ ሁሉ የወደድኩት ይኸን ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ተርሚናልን ጠቋሚው የት እንዳለ መጠየቅ ይቻላል። ትእዛዙ አራት ምልክት ብቻ ነው፦ ኢስኬፕ፣ የማዕዘን ቅንፍ ([)፣ 6 እና ትንሿ ኤን። ተርሚናሉ መስመሩንና ዓምዱን ጽፎ ይመልሳል። ስለዚህ ጠቋሚውን መጀመሪያው ዓምድ ላይ አድርጎ አንድ ፊደል ማተም፣ ከዚያ «አሁን የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ። «2ኛው ላይ» ካለ ፊደሉ 1 ዓምድ ይዟል። በግምት የሚሄድ ነገር የለም።

ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሮቹ፣ ከነነጥቦቹ አስለካሁ። እጄ ላይ ባሉት ተርሚናሎች ሁሉ ፊደል 1 ዓምድ ነው። የላይ ምልክቶቹ ብቻቸውን አይለኩምና ከ«ለ» ጋር አድርጌ ለካኋቸው፤ 0 ጨመሩ። ሠንጠረዡና ተርሚናሎቹ ተስማሙ።

ይኸ ለምን አስደሰተኝ? ኤዲተሩ ስፋት የመወሰን ሥልጣን የለውም። ስክሪኑ ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር ነው፤ ደብተሩ የተርሚናሉ ነው፣ ኤዲተሩ የትኛው ካሬ ላይ ምን እንዲጻፍ ብቻ ያዝዛል። ሁለቱ እኩል ካልቆጠሩ ማንም ትክክል ይሁን ማን ጽሑፉ ይበላሻል። ስለዚህ ጥያቄው «አማርኛ ፊደል በእውነት ምን ያህል ሰፊ ነው?» አይደለም። «ተርሚናሉ ስንት አድርጎ ይቆጥረዋል?» ነው።

ጥቅምት 21

ማርያም ናት። ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደወሉ።

«ተባረክ፣ አሁን ጠቋሚው ታዘዘ። ግን ፊደሎቹ ተጨናንቀዋል። ጩ ከሿ ጋር ይገፋፋል። ጭ እግሩ ተቆርጧል። ለምን ሁለት ሁለት ቦታ አትሰጣቸውም?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ፊደላችን ከላቲን ፊደል ይሰፋል። «ሀ»ና «ለ» ጠባብ ካሬ ውስጥ በሰላም ይቀመጣሉ። «ጨ»፣ «ጠ»፣ «ሿ»፣ «ጯ» ግን ለላቲን «አይ»ና «ኤል» ተብሎ በተለካ ካሬ ውስጥ እንዴት ይብቃቸው? አንዳንዱ ተርሚናል ያሳንሳቸዋል። አንዳንዱ ጎረቤታቸው ላይ ያፈስሳቸዋል። አንዳንዱ ይቆርጣቸዋል።

ሁለት ዓምድ የመስጠቱን ነገር በቁም ነገር ሞከርኩት። ኤዲተሩ ብቻ 2 ብሎ ቢቆጥር አይሠራም፤ ተርሚናሉ 1 ብቻ ስለሚራመድ ከትናንት ወዲያ ወደነበርንበት እንመለሳለን፣ ኤዲተርና ተርሚናል ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ሊሠራ የሚችለው ከእያንዳንዱ ፊደል ቀጥሎ ባዶ ቦታ አብሮ በመላክ ነው። አደረግሁት። እውነቱን ለመናገር ያምራል። «ጯ» ተንፈላሰሰ።

ግን ዋጋው በዛ። አንደኛ፣ በ80 ዓምድ ስክሪን ላይ 40 ፊደል ብቻ ይገባል። ሁለተኛ፣ በማውስ መርጠው ሲገለብጡ ባዶዎቹም አብረው ይመጣሉ። «ሰላም» ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ «ሰ ላ ም» ይሆናል። ሦስተኛ፣ ያው ፋይል ከኤዲተሩ ውጭ ሲታይ፣ ሲፈለግ፣ ሲነጻጸር፣ የጎን አቀማመጡ ሌላ ነው። ጋሼ በኤዲተሩ ያስተካከሉት ዓምድ ሌላ ቦታ ይፈርሳል። አንድ ፕሮግራም ብቻውን የሚያምርበት፣ ሌላው ሁሉ የሚበላሽበት ጥገና ጥገና አይባልም። ሰረዝኩት።

ጥቅምት 23

ታዲያ የተጨናነቀው ፊደል እንዲሁ ይቅር? አይቀርም። ቦታው ግን ፎንቱ ጋ ነው።

ለኮድ ተብለው የተሠሩት አብዛኞቹ እኩል ስፋት ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ሲስተሙ ሲያጣው ሌላ ፎንት ይበደራል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጥሩ ፎንቶች ናቸው። የተሠሩት ግን ለመጽሐፍና ለድረ ገጽ ነው፤ ፊደሎቻቸው እያንዳንዱ የራሱ ስፋት አለው። ተርሚናሉ ደግሞ በላቲኑ ፎንት የለካው ካሬ ውስጥ ይጨምቃቸዋል።

መላው ካሬውን ማስፋት ነው። ኖም ተርሚናል በፕሮፋይሉ ማስተካከያ ውስጥ የሳጥን ስፋት የሚባል ቁጥር አለው። ከ1.0 ተነሥቶ እስከ 2.0 ይሄዳል። ኪቲ የሚባለው ተርሚናልም ካሬውን በመቶኛ ማስፋት ይፈቅዳል፤ በተጨማሪ ለአንድ የዩኒኮድ ክልል የፈለጉትን ፎንት መመደብ ይቻላል። የጋሼን በ1.3 አስሞከርኳቸው። «ጨ» እግሩን ዘረጋ። እንግሊዝኛው ትንሽ ተራራቀ፣ እሱን ግን ማንም አላማረረም። ሰባራ ፊደል ከማንበብ የተራራቀ ላቲን ማንበብ ይሻላል።

ዋናው ነገር፣ ካሬው ሰፋ እንጂ ቁጥሩ አልተለወጠም። ፊደል አሁንም 1 ዓምድ ነው። መገልበጡም፣ መፈለጉም፣ ታቡም ሰላም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ለተርሚናል ተብሎ የተሳለ፣ ላቲኑም ግዕዙም በአንድ ካሬ ታስበው የተቀረጹበት ፎንት እንደ ልብ ሊኖረን ይገባ ነበር። የፊደል ቅርጽ የሚስል ባለሙያ ይህን ቢያነብ እባክህ፣ እባክሽ፣ እዚህ ላይ ሥራ አለ። «ጨ»ን አጥብቦ ውበቱን ማስጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ግን ይቻላል።

ጥቅምት 30

ሁለት ትንንሽ ጥገናዎች።

ታብ፦ ታብ ወደሚቀጥለው የ8 ብዜት ዓምድ ይዘላል። ቀድሞ የሚቆጠረው በባይት ነበር። «ገብስ» 9 ባይት ስለሆነ ታቡ ወደ 16 ይሄድ ነበር፤ «ዘ» ያለበት መስመር ወደ 8። አሁን በዓምድ ተቆጠረና ሁለቱም 8 ላይ ያርፋሉ። የጋሼ ባለ ሦስት ዓምድ ዝርዝር፣ ቃሉ፣ ትርጉሙና የሰሙበት ቀበሌ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

የታችኛው መስመር፦ ኪሎ የፋይሉን ስም እስከ 20 ባይት ብቻ ያሳያል። በአማርኛ 20 ባይት 6 ፊደልና 2 ስባሪ ነው። ከዚያም የቀረውን ቦታ በባይት ስለሚሞላ፣ በእያንዳንዱ ፊደል 2 ዓምድ እየጎደለ ጥቁሩ መስመር ጠርዝ ሳይደርስ ያልቃል። 20 ባይት የሚለው 20 ዓምድ ሆነ። መሙላቱም በዓምድ።

ኅዳር 6

ቁስቋም። ዛሬ የጥብቀት ምልክት።

የጋሼ መዝገበ ቃላት የሚጠብቀውን ፊደል በላዩ ሁለት ነጥብ ያደርግበታል። «አለ» ብሎ የተናገረውና «አለ፟» ብሎ የሚኖረው የሚለዩት በዚያ ነው። ምልክቱ በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር አለው፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 135ኤፍ። ባይቱ 225 141 159። ከፊደሉ ቀጥሎ ይጻፋል፣ ስክሪን ላይ ግን በፊደሉ ራስ ላይ ይወጣል። ዓምዱ 0።

ዜሮ ዓምድ ያለው ነገር ለጠቋሚ ፈተና ነው። ቀኝ ቀስት ሲጫኑ ጠቋሚው ከፊደሉ ወደ ምልክቱ ይሄዳል፣ ስክሪን ላይ ግን ንቅንቅ አይልም። ተጠቃሚው ቁልፉ አልሠራም ብሎ ደግሞ ይጫናል። ስለዚህ ቀስቱ ፊደሉን ከነምልክቱ እንደ አንድ እንዲያልፍ አደረግሁ።

ማጥፊያውስ? እዚህ ላይ ጋሼን ማማከር ነበረብኝ። ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ፊደሉ ከነምልክቱ ይጥፋ፣ ወይስ መጀመሪያ ምልክቱ ብቻ?

«ምልክቱን ብቻ» አሉ ሳይውሉ ሳያድሩ። «ሰው የሚሳሳተው ጥብቀቱ ላይ ነው። ፊደሉን ከነነፍሱ አትውሰድብኝ።»

እንዳሉት ሆነ። የኋላ ማጥፊያው ምልክቱን ብቻ ያነሣል፤ የፊት ማጥፊያው ግን ከፊደሉ ስለሚጀምር ሁለቱንም ይወስዳል። ምልክት ያለ ፊደል ከቀረ ከፊቱ ካለው ፊደል ላይ ይለጠፋልና።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሥውር ስህተት ነበር። መስመሩ ረዝሞ ስክሪኑ ወደ ጎን ሲሸበለል፣ ግራው ጠርዝ ላይ ፊደሉ ወጥቶ ምልክቱ ብቻውን ሊቀር ይችላል። ተርሚናሉ ብቻውን የመጣን ምልክት የት እንደሚሰቅለው አያውቅም። አሁን ኤዲተሩ ከግራ ጠርዝ ሲጀምር ዜሮ ዓምድ ያላቸውን ዘልሎ የመጀመሪያውን ሙሉ ፊደል ይፈልጋል።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከተማው ጠዋቱን ጭስ በጭስ ሆኖ ዋለ። መስኮት ዘግቼ ሠራሁ።

ጋሼ ከአንድ አሮጌ የብራና መጽሐፍ የገለበጡት ገጽ አላቸው። በቃላቱ መካከል ባዶ ቦታ የለም፣ ሁለት ነጥብ (፡) ነው ያለው። ኤዲተሩ መስመር የሚያጥፈው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ስለሆነ ገጹን በሙሉ እንደ አንድ ቃል አየው። ቃል በቃል የሚያስዘልለው ቁልፍም ከገጹ ራስ ወደ ገጹ ግርጌ ወረወራቸው።

ዩኒኮድ ሁለት ነጥብን ከሥርዓተ ነጥብ ነው የመደበው፣ ከባዶ ቦታ አይደለም። መስመር ግን ከእሱ በኋላ ሊታጠፍ እንደሚችል ደንግጓል። ደንቡን አስገባሁ። ከ፡ በኋላ መታጠፍ ይቻላል፣ ፡ ራሱ ግን መስመር አይጀምርም። ።፣ ፣ እና ፤ም መስመር አይጀምሩም። አራት ነጥብ ብቻውን ከመስመር ራስ ተንጠልጥሎ ማየት ለማንም አማርኛ አንባቢ ዓይን ይከብዳል። ቃል መዝለያውም ፡ን እንደ ቃል ድንበር ይቆጥራል።

ገጹ አሁን እንደ ብራናው ተነበበ።

ኅዳር 15

የመጨረሻው ጭማሪ። የጥቅምት 17ቱን መለኪያ ኤዲተሩ ውስጥ አስገባሁት። ቪም የተባለው ታዋቂ ኤዲተር ስፋታቸው አወዛጋቢ ለሆኑ ምልክቶች ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ አንድ ምልክት ጽፎ ተርሚናሉን ጠቋሚው የት እንደደረሰ ይጠይቃል። የኔም ሲነሣ ሦስት ነገር ያስለካል፦ «ሰ»፣ «ለ፟» እና አንድ ኢሞጂ። መልሱ ከሠንጠረዡ ጋር ከተስማማ ይቀጥላል። ካልተስማማ የተርሚናሉን መልስ ይቀበላል። ለፊደላችን ሁለት ዓምድ የሚሰጥ ተርሚናል ነገ ቢመጣ ኤዲተሩ ሳይነካ አብሮ ይሄዳል።

የሚለካው ፋይል ከመከፈቱ በፊት ነው፣ ከዚያ ስክሪኑ ስለሚጸዳ ተጠቃሚው ምንም አያይም። ጥያቄውን የማይመልስ ተርሚናልም ይኖራል። መልሱ በ200 ሚሊሰከንድ ካልመጣ ኤዲተሩ አይጠብቅም፣ በሠንጠረዡ ይሠራል። ዘግይቶ የሚመጣ መልስ ደግሞ ተጠቃሚው የተየበው መስሎ ጽሑፉ ውስጥ እንዳይገባ የቁልፍ ማንበቢያው ለይቶ ይጥለዋል። ይኸኛውን ዘገምተኛ በሆነ የሰርቨር ግንኙነት ላይ ፈትኜዋለሁ።

አዲሱን ስሪት ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። የፈተና ፋይሉም አብሮ ሄዷል፤ ጥብቀት ያለበት መስመር፣ በ፡ ብቻ የተለየ መስመር፣ ታብ ያለበት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት፣ ሆን ተብሎ የተሰበረ ባይት ያለበት። ማንም ኤዲተር የሚሠራ ሰው በዚህ ፋይል ቢፈትነው አማርኛ የት ላይ እንደሚሰበርበት ወዲያው ያያል። የቀረኝ ከብዙ ምልክት የተገጣጠሙ ኢሞጂዎች ናቸው። ተርሚናሎቹ ራሳቸው በነሱ ላይ ገና አልተስማሙምና ለጊዜው ተርሚናሉ ያለውን እየተቀበልኩ እሄዳለሁ። ጋሼ «ገ» ላይ ደርሰዋል፤ የገብስ ዓይነቶቹ ብቻ ብዙ ገጽ ሆነውባቸዋል።